ካምቢዮው ሁለቴ ወጣ

ዓርብ

የመኪናችን ካምቢዮ ወረደ። መኪና ማቆሚያው ላይ ካርቶን ተነጥፎለት ተጋድሟል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ይሄን ጉድ ማን ይመልሰዋል እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ቫሊ ሮድ ዳገት ላይ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ከኋላችን ያለው ማታቱ ታክሲ ጡሩምባውን ለቀቀው፣ ብሩክ ላብ በላብ ሆነ። ባሌ ኮምፒውተር ይጠግናል እንጂ ስለ መኪና የሚያውቀው ነዳጅ መሙላት ነው። ቤት ገብተን ለአባዬ ስንነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠና «ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ እኔ እያለሁ ለዚህ ጋራዥ ትሄዳላችሁ?» አለ። አባቴ ዕድሜውን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ካምቢዮ በረሃ መሃል አውርዶ መልሶ ያውቃል።

እሺ ያልኩት ግን ለመኪናዋ ብዬ አይደለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ እዚህ ናይሮቢ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። ኖረ ከተባለ። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል። ውሃ ስሰጠው «አትቸገሪ»፣ ምሳ ሳቀርብ «አትቸገሪ»። ብሩክ ከሥራ ሲገባ አባዬ ይነሳል፣ ብሩክ ደግሞ «ኧረ በእግዚአብሔር አባባ» ይላል፣ እሱም አይቀመጥም። ሁለቱም ቆመው ዜና ያያሉ። እኔ ነኝ ያበድኩት።

በየሳምንቱ ቲኬቱን ይጠይቀኛል። «ቀኑን አስቆርጪልኝ፣ እንግዳ ሲቆይ ይከብዳል» ይላል። አዲስ አበባ ማን አለው? ቤቱ ተከራይቷል፣ ወንድሞቹ የሉም። የሚጠብቀው ጓሮ ያለችው አንዷ ሰርቪስ ክፍል ናት። አንድ ቀን ቢያመው በሩን ማን ያንኳኳል?

ዛሬም ጠየቀኝ። «ቆይ አባዬ፣ መኪናዋ ትሠራና» አልኩት።

«ጥሩ፣ እንግዲያው ስትሠራ» አለ።

ምን አፌን ከፈተኝ። አሁን መኪናዋ ስትሠራ ሊሄድ ነው።

ቅዳሜ

ብሩክ ጠዋት መሃል ከተማ ሄዶ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ከነጓዙ ገዝቶ መጣ። ለሻጩ ክላች እያለ፣ ለአባዬ ፍሪሲዮን እያለ፣ ምላሱ ሊታሰር ምንም አልቀረው።

አባዬ የብሩክን አሮጌ ቱታ ለብሶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ይታያል። የግቢው ዘበኛ ሙቱዋ ክሪኩን ይዟል። አባዬ ስዋሂሊ አያውቅም፣ ሙቱዋ አማርኛ አያውቅም። አንዱ «ፖሌ ፖሌ»፣ ሌላው «ቀስ ቀስ» ይላል፣ ሥራው ይሄዳል። ብሩክ የቅዳሴ ዲያቆን ይመስል እጁን አጣምሮ ቆሟል። ካቻቪቴ ሲባል ካቻቪቴ፣ ጨርቅ ሲባል ጨርቅ ያቀብላል። ትንፍሽ አይልም።

ሸራው መሃሉን ካልያዘ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም አሉ። ማስተካከያ ዕቃው የለንም። አባዬ ከታች ሆኖ «ልሙጥ እንጨት ወርውሪልኝ» ብሎ ጠራኝ። ምን አለኝ? ማማሰያዬን ይዤ ወረድኩ። እጀታውን በፕላስተር ጠቀለለ፣ ለካ፣ ጨመረ፣ ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ልክክ አለ። የወጥ ማማሰያዬ ግሪስ ጠጥቶ ቀረ፣ ግን «አትቸገሪ» አላለኝም። በደስታ ሌላም ማማሰያ በሰጠሁት።

ከዚያ ማንሳቱ መጣ። ብረቱ ከባድ ነው፣ ሦስት ወንድ አቃሰተበት። ሲገባ ጨለምለም ብሏል። አባዬ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጥርሱ ነጭ ሆኖ ወጣና እራቱን ሁለቴ አስጨመረ። ትከሻውን በቅባት አሸሁለት። «የነገ ሰው ይበለን፣ ነገ እናስነሳታለን» አለ።

እኔ አሁንም ስለ ቲኬቱ ነው የማስበው።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስነሷት። ሞተሩ ደህና ነው። አባዬ ፔዳሉን ረገጠ፣ ማርሹን ሊያስገባ ሲል ግርርርር አለ። ደገመው። ግርርርር። ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ ይገባል፣ ሲነሳ እምቢ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም የማያየው ደብተር ነው። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ካልሠራች አይሄድም ብዬ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ብሩክ መሬት መሬት ያያል። ሙቱዋም «ፖሌ ምዜ»፣ አይዞዎት ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ ብሎ ዞር አለ።

አባዬ ወደ ቤት ወጣ፣ እጁን በሳሙና ብዙ ታጠበ። ሲጨርስ ጠራኝ።

«ልጄ፣ እጄ ከድቶኛል። ሽማግሌ ሆኛለሁ። ጋራዥ ውሰዷት። አንቺም ነገ ቲኬቱን አስቆርጪልኝ፣ መኪናዋን አትጠብቂ።»

ምሳ አልበላም። እኔም የበላሁትን አላውቀውም።

ሰኞ

ቢሮ ሆኜ ስልኩን ስንቴ አነሳሁ፣ ስንቴ አስቀመጥኩ። ወደ ቲኬት ቢሮው አልደወልኩም።

ማታ ወጥ ቤት ብሩክ ሽንኩርት እየከተፈልኝ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቆጪ» አለኝ። እንዲህ ሲል የምቆጣበት ነገር ነው። ለካስ ሸራው ላይ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። ይሄኛው ፊት ወደ ሞተሩ ይዙር የሚል። አባዬ እንግሊዝኛ አያነብም፣ በድሮው የጭነት መኪና ልማድ አዙሮ ገጠመው።

«አንተ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«እና ምን ልበል? አማቴን፣ በመኪና ሥራ ያረጁትን ሰው፣ ተሳስተዋል ልበላቸው? እሳቸው የሚያውቁት ነገር ይኖራል አልኩ። ሙቱዋም አይቷል። ምዜው ያውቃል ብሎ ነው ዝም ያለው።»

ሦስት ወንድ አንድ ሸራ ከበው፣ ሁለቱ ስህተቱን እያዩ፣ አባቴን በአክብሮት ገደል ከተቱት። «ሰውዬው እጄ ከዳኝ ብሎ አገሩ ሊገባ ነው፣ አንተ ይሉኝታህን ይዘህ ሽንኩርት ትከትፋለህ?» አልኩት። እንዳትቆጪ ብሎኝ ነበር፣ እንግዲህ ይቻለው።

«አንቺ ንገሪያቸው፣ ልጃቸው ነሽ» ይለኛል ደግሞ።

«እኔ ብነግረው ላጽናናው ነው የሚመስለው። ያየኸው አንተ ነህ።»

እጁን ታጥቦ ሳሎን ገባ። እኔ በሩ ሥር ተለጠፍኩ። ብሩክ እየተንተባተበ ተናገረ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ።

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?» አለ አባዬ።

«ይቅርታ አባባ። ላለመዳፈር ብዬ ነው።»

«እኔ ሥራ የጀመርኩት በረዳትነት ነው። ሹፌሬ የአባቴ እኩያ ነበር። መጀመሪያ ቀን ምን አለኝ መሰለህ? መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ አፋፉን የምታየው አንተ ነህ፣ ካልጮህክብኝ ሁለታችንም አለቅን አለኝ። ስንት ጊዜ ጮህኩበት። ዝም የሚባለው ለእንግዳ ነው፣ ብሩክ። ለእንግዳ ነው ተሳስተሃል የማይባለው።»

እኔ በሽንኩርቱ አሳብቤ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ አባዬ በሌላ ድምፅ፣ ለራሱ የሚያወራ መስሎ፣ «እጄ አልከዳኝም ማለት ነዋ» አለ።

ማክሰኞ

ሙቱዋ ቢሮ ሳለሁ ሚስኮል አደረገልኝ። የስልክ ካርድ ፍቄ ደወልኩ። አባዬ ብቻውን ካምቢዮውን ሊያወርድ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል አለኝ። ደነገጥኩ። ሙቱዋ ግን ክሪኩን ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ቆልፎበት፣ ብሩክ ሳይመጣ አልሰጥም ብሏል። እግዜር ይስጠው።

አባዬን ስልክ ላይ ሳገኘው ተናዷል። «ይሄ ዘበኛሽ ያዘኛል» አለኝ። ሲናደድ ድምፁ ደስ ሲል። እንዲህ ሲቆጣ የሰማሁት እናቴ ሳለች ነው።

ብሩክ ለነገ ፈቃድ ጠየቀ።

ረቡዕ

እኔም ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። ጉንፋኑ ውሸት አይደለም፣ የሐምሌ ብርድ ነው፣ ካፊያም አለ። ሹራብ ደርቤ በረንዳዬ ላይ ተሰየምኩ።

ካምቢዮው ሁለተኛ ወጣ። አባዬ ሸራውን ለብሩክ ሰጠው። «አንብብልኝ፣ ድምፅህን አውጥተህ» አለው። አነበበ፣ ተረጎመ። አባዬ አዙሮ ገጠመው። ማማሰያዬ ሥራዋን ሠራች።

ካምቢዮው ግን ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ይገፉታል፣ አይገባም። አባዬ ደከመው መሰለኝ፣ «ቡሎኖቹን አምጣ፣ እያጠበቅን እንስበዋለን» አለ። ብሩክ ቡሎኖቹን እንደያዘ ቀረ።

«አባባ… ምናልባት…» አለ፣ በዚያ የቤተ ክርስቲያን ድምፁ።

«አልሰማሁም።»

«ኋላው ትንሽ ዝቅ ያለ ይመስለኛል።»

«አልሰማሁም አልኩህ።»

«ዝቅ ብሏል! በቡሎን አይሳቡት፣ ይሰብሩታል!»

ግቢው ሁሉ ሰማ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ኬንያዊት ጎረቤታችን መስኮት ከፍታ አየች። ብሩክ ራሱ ደንግጦ አፉን ያዘ። ከመኪናዋ ሥር የተሰማው መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ሳቅ ነው። አባዬ መሬት ላይ ተንጋሎ ይስቃል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። «ተናገራ፣ እንደሱ ነው ረዳት» ይላል። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማሁም ነበር።

ሙቱዋ በክሪኩ የካምቢዮውን ኋላ ከፍ አደረገው። ካምቢዮው ቋ ብሎ ገባ። ሦስቱም አንድ ላይ ጮኹ፣ በየቋንቋቸው።

ሐሙስ

ከሥራ መልስ ወጣን። ብሩክ ይነዳል፣ አባዬ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ማርሹ ቅቤ ነው። ቫሊ ሮድ ዳገት ላይ ስንደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፣ መኪናዋ ግን እየዘፈነች ወጣችው። ማንም አላጨበጨበም። ሁለቱ ጭቅጭቅ ላይ ነበሩ።

«እግርህን ፍሪሲዮኑ ላይ አታሳርፍ።»

«አላሳረፍኩም አባባ።»

«አሳርፈሃል። የመጀመሪያውን የበላኸው በዚህ ነው።»

«መንገዱ ተዘግቷል፣ ምን ላድርግ?»

«ማርሹን አውጥተህ ትጠብቃለህ።»

«እርስዎ ጠብቅ ይላሉ፣ ከኋላ ያለው ማታቱ ይብላኝ?»

አማቱን እንዲህ ብሎ መለሰለት። ጆሮዬን አላመንኩም። አባዬም «ይብላህ» አለ። ሰፈራችን ኪሊማኒ እስክንደርስ እንዲህ ነው። ደረጃውን ሲወጡ እንዲህ ነው። እራት ቀርቦ እጃቸው ወጡ ውስጥ ሆኖም ስለ ሁለተኛ ማርሽ ይከራከራሉ።

እኔ ግን ቲኬቱን አልረሳሁም። ቃል ቃል ነው። ሳልደብቀው ልጠይቀው ብዬ ቆረጥኩ። «አባዬ፣ መኪናዋ ይኸው ሠራች። ቲኬቱን ምን ላድርግ?»

ክርክሩ ቆመ። ብሩክ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አባዬ እኔን አላየኝም፣ ብሩክን ነው ያየው። ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ሰውዬ እግሩን ከፍሪሲዮን ላይ ማንሳት ሳይማር የት ነው የምሄደው?» አለና ወጡን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ብሩክ ሳህን ይዞ ወጥ ቤት ሲገባ ተከትዬው ገባሁና በሩን ገርበብ አደረግኩ።

«ቀስ ብለህ ተማር» አልኩት።