ያልተቀበልኩሽ ጉርሻ

የሺዬ፣ የወንድሜ ልጅ፣ የእኔ ዶክተር ጭንቅላት፤

ከተለየሽን እነሆ ዓመት ሆነ። አጎትሽ ደብዳቤ ሲጽፍ አይተሽ ስለማታውቂ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ። ፊደሉን ብቻዬን እንደ ለቃቀምኩት ታውቂያለሽ፤ ስህተት ካገኘሽ እንደ ተማሪዎችሽ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አክብቢው።

ቤቱ ደህና ነው። እናትሽ መጻሕፍትሽን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ጓሮው ዘንድሮ ድንች ተተክሎበታል። ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ስለጠፋ እኔ ወደ ሶላር መብራት ዞሬያለሁ፤ እንደ ልማዴ ሁለቱን አበላሽቼ ነው ሦስተኛውን የሠራሁት። የጉና ብርድም እንደ ድሮው ነው።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚህ አይደለም። ስለ ጉርሻው ነው።

ያን የፋሲካ ዕለት ታስታውሻለሽ። ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ በውጭ አገር ተምረሽ ተመልሰሽ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ሐኪም ለሚሆኑ ልጆች የሰውን አካል ማስተማር የጀመርሽበት ዓመት ነበር። የበጉን ጭንቅላት ለምነሽ ወሰድሽና በሬዲዮ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትሽው። እኔም ላሾፍብሽ፣ «እስኪ የዚህ በግ ሐሳብ የቱ ጋ ነው?» አልኩሽ። «ሣር ብቻ ሲያስብ ስለኖረ ብዙ ቦታ አልያዘም፤ የእርስዎ ተንኮል ግን ሰፊ ጓዳ ሳያስፈልገው አይቀርም አጎቴ» ብለሽ ቤቱን በሳቅ ሞላሽው።

ከዚያ ሳቁን ትተሽ ጣትሽን ከኋላ በኩል ባለችው ትንሽ እጥፋት ላይ አሳረፍሽ። ብሎን ስፈታ እጄ የማይንቀጠቀጠው እንዲህ ያለች ነገር በራሴም ውስጥ ስላለች መሆኑን ነገርሽኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሽቦ ስፈታና ስገጥም ኖሬ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሽቦ የለው፣ ብሎን የለው፤ እንደ ገንፎ ለስላሳ ነው። በዚያ ውስጥ ነው በጉ እናቱን ያወቃት። አፌ ተያዘ። የእኔ አፍ መያዙ ራሱ ለቤተሰቡ ሌላ ተአምር ነበር።

እጅሽን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብሽ፤ ቆጥሬያለሁ። ገበታ ላይ ስንቀመጥ ከዶሮው ጠቅልለሽ ወደ አፌ ዘረጋሽ። እኔ ግን ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። «ከሙታን ጋር የሚውል እጅማ አያጎርሰኝም!» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። በመጨረሻ እናትሽ ጎረሰችልሽ።

ቀልድ አስመሰልኩት እንጂ እውነቴን ፈርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት በአንድ ገበታ ስንበላ፣ አንድ ቀን እንኳ ከእጅሽ አልጎረስኩም። ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለሽ ብርቱካን ልጠሽ ወደ አፌ ስትዘረጊልኝ፣ በመዳፌ ተቀብዬ በላሁት። ፈገግ አልሽ። ሳምንት ሳይሞላ ሄድሽ። ያቺ ብርቱካን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙት ዓመትሽ ተማሪዎችሽ መጡ። አጠገቤ የተቀመጠችው ቃልኪዳን የምትባል የእብናት ልጅ ናት። ሐኪም እንዴት ቢማር ይሻላል የሚለውን ለዓመታት ስታጠኚ እንደነበር እሷ አስረዳችኝ፤ እኔማ «ማስተማርም ይጠናል እንዴ?» እያልኩ ሳሾፍብሽ ነበር። ስም ሸምድዶ ማለፍን ትጠዪ ነበር አሉ። ተማሪዎችሽ የአካሉን ቅርጽ መጀመሪያ በወረቀት ሥለው፣ ያገኙትን ሁሉ በየቦታው እያሰፈሩ እንዲማሩ አድርገሻል። ከማን እንዳገኘሽው ሲጠይቁሽም «ሬዲዮ ከሚሠራው አጎቴ» ትያቸዋለሽ። የሺዬ! እኔ እኮ ሬዲዮ በወረቀት ሥዬ ብሎኖቹን በየቦታቸው ማኖር የጀመርኩት፣ አንዴ የሰው ንብረት ፈትቼ መግጠም አቅቶኝ ስለተዋረድኩ ነው። ያ ውርደቴ ሐኪም ያወጣል ብዬ መች አሰብኩ?

ልጅቱ ሌላም ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን፣ ስለት ከመነሣቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሚማርበትን ሟች እጅ እንዲጨብጥ ታደርጊ ነበር። «ሰላም በሉት፤ አስተማሪያችሁ ነው» ትያቸዋለሽ። ዘመድ ያልፈለገውን፣ ስሙ እንኳ የማይታወቀውን ሰው እጅ ቀድመሽ የምትይዥው አንቺ ነበርሽ። እኔ የሸሸሁት ያንን እጅሽን ነው።

ልጅቱ ጠቅልላ «በሞቴ አባባ» አለችኝ። በዋዜማው የት እንደዋለች ጠየቅኋት። «እዚያው ሟቾቹ ካሉበት ክፍል» አለች፤ እጇን ግን አልመለሰችም። አፌን ከፈትኩ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ዕንባዬ ሲመጣ በርበሬው ነው አልኳቸው። እናትሽ ብቻ አላመነችኝም።

ከእንግዲህ በየፋሲካው ከተማሪዎችሽ አንዱን ቤት እጠራለሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእጁ እቀበላለሁ፤ እጁን ስንት ጊዜ እንደታጠበም አልቆጥርም። አየር ላይ የቀረውን እጅሽን እያሰብኩ፣ እስክሞት ድረስ፣ ቶሎ ብዬ እጎርሳለሁ።

አጎትሽ፣ ሬዲዮ ሠሪው