ዘፈንሽ ውስጥ የሚጠራኝ ድምፅ

ይድረስ ለልጄ፣ ካለሽበት ክፉ አይንካሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፣ ጉልበቴን ካልቆጠርሽው።

ዘፈንሽ ከተማውን አጥለቅልቆታል። አውቶቡስ ውስጥ እሱ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ እሱ! ፎቶሽም ፋርማሲው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ፊትሽ ከስቷል፤ ትበያለሽ ወይ?

እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ዘፈኑ ሲጀምር "እማዬ፣ ክፈቺልኝ!" የሚለው የወንድምሽ ድምፅ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት የሆነውን ልጄን ከስልክሽ አውጥተሽ ዘፈን ውስጥ ስትከቺው ምናለ ብትነግሪኝ? እኔ ለዳቦ ተሰልፌ ሰማሁት። ዘንቢሌ ከእጄ ወደቀ። ቁልፍ ረስቶ የመጣ መስሎኝ እኮ ነው።

አባትሽማ ይባስ። ፊት ለፊታችን ያለው ሙዚቃ ቤት ዘፈኑን በከፈተ ቁጥር የሚሰፋውን ሱሪ ጥሎ ይነሳና በሩን ይከፍታል። "አውቃለሁ፣ እግሬ ነው የማይታዘዘኝ" ይለኛል። ቢብሰኝ ባለሱቁን አጥፋልን ብዬ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። በማግስቱ አባትሽ ራሱ ሄዶ "ኧረ ክፈተው" አለው።

ተቀይሜሻለሁ፤ ግን ልጄ ነሽ፣ እድሜሽን ያርዝመው። ባለሱቁ "ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ዘፈን ይመጣል፣ ይሄ ይረሳል" አለኝ። እባክሽ፣ ሙዚቃው ይቅርና የወንድምሽን ድምፅ ለብቻው ላኪልን። ዘፈንሽ የተረሳ ቀን አባትሽ ለማን ተነስቶ ይከፍታል?

እናትሽ