የነሲባን ስም ያተሙት ወይዘሮ ደመቀች ገብረመንፈስቅዱስ

ወይዘሮ ደመቀች ገብረመንፈስቅዱስ ከአባታቸው ከቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ኃይሉ ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. በአንኮበር ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ አንድ ልጅ ነበሩ። ጎረቤቱ «ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል?» እያለ ቢያጉረመርምም፣ አባታቸው ፊደል አስቆጥረው፣ ዳዊት አስደግመው፣ ጽሕፈቱንም ጨምረው አስተማሯቸው።

ጠላት አገራችንን በወረረ በሁለተኛው ዓመት አባታቸው በሕመም ዐረፉ። ብዙም ሳይቆይ መኖሪያ ቤታቸው ተቃጠለ። እናትና ልጅ የለበሱትን ብቻ ይዘው ደብረ ብርሃን ወደሚኖሩት አጎታቸው ተሰደዱ። በዚያ በጣሊያን ጦር ሰፈር ውስጥ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ የአማርኛ ጋዜጣ እያወጣ በገበያው ግድግዳ ላይ ያስለጥፋል። ማንበብ የሚችል ሰው ሲፈለግ ወይዘሮ ደመቀች ተጠቆሙ። በ1930 ዓ.ም. የእርሳስ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ የሚደረድሩ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። እናታቸው ታመው ተኝተው ስለነበር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ሆኖም በዚያ ደሞዝ የተገዛው እህል በጉሮሯቸው አልወርድ ይላቸው እንደነበር ኋላ ለልጆቻቸው ተናግረዋል።

በግንቦት ወር 1931 ዓ.ም. የጦር ሰፈሩ አዛዥ በበዓል ቀን ወታደሮቹን ለማሳቅ ብሎ ከገበያተኛው መካከል ሃያ የሚሆኑ ሴቶችን አስያዘ። ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ሜዳውን ሦስት ጊዜ እንዲዞሩ፣ ለምትቀድመው አንድ ጣቃ አቡጀዲ እንዲሰጥ አዘዘ። ለጨዋታው ማድመቂያ አምስት የባንዳ ወታደሮችም ባዶ እጃቸውን አብረው እንዲሮጡ ተደረገ። ሴቶቹ እየተጋፉ ሲወድቁ፣ እህሉ ሲፈስ፣ ቅሉ ሲሰበር ወታደሩ በሳቅ ይንከተከት ጀመር። ከአልዩ አምባ ጨው ይዛ የመጣች አንዲት ወጣት ግን ሸክሟን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሴቶቹን፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ባንዳዎቹን አልፋ በመጨረሻው ላይ የተዘረጋውን ገመድ በጠሰች። ሳቁም ቀጥ አለ።

ከዳር ሆነው ሲያዩ የነበሩት ወይዘሮ ደመቀች ወደ ልጅቱ ጠጋ ብለው ስሟን ጠየቁ።

«ስሜ ምን ያደርግልሻል?» አለቻቸው እያለከለከች።

«እጽፈዋለሁ።»

«እንግዲያው የአባቴንም ጻፊልኝ። ነሲባ በሽር በይ። ሳልወለድ ነው የሞተው፤ ከኔ በቀር ስሙን የሚያስጠራለት የለም።»

በማግስቱ ሁለት ፎቶግራፎች ወደ ማተሚያ ቤቱ መጡ። በአንደኛው ነሲባ ደረቷን ነፍታ ገመዱን ስትበጥስ ትታያለች። በሁለተኛው የወደቀ ሻሿን ለማንሣት በእጇና በጉልበቷ መሬት ላይ ተደፍታለች። የማተሚያ ቤቱ ጣሊያናዊ ሹም ሁለተኛውን መረጠ። ከሥሩ እንዲታተም ከጦር ሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ተጽፎ የመጣው ቃል «ከቆላ የወጣች እንስሳ መሰል ተሸካሚ፣ በአቡጀዲ ጉጉት መሬት ስትቧጥጥ» የሚል ነበር። ስም የለውም። ማሸነፏም አልተጻፈም።

የአማርኛውን ጽሑፍ የሚመረምረው አስተርጓሚ በዚያ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሹሙ አማርኛ አያነብም። ወይዘሮ ደመቀች ፎቶግራፉን መለወጥ አልቻሉም፤ ቃሉን ግን ለወጡት። እንዲህ ብለው ደረደሩ፦ «ይህች ሴት የወደቀ ሻሿን ስታነሣ ነው። ነሲባ በሽር ትባላለች፤ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። ጨው ተሸክማ ሦስት ዙር ሮጣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም ቀድማለች።»

ጋዜጣው ተለጠፈ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበ፣ ሰው ከግድግዳው ሥር አልነቀል አለ። የቆላ ነጋዴዎች ወሬውን ይዘው ወረዱ። ከስምንት ቀን በኋላ አስተርጓሚው ተመለሰና አነበበው። ወይዘሮ ደመቀች በዚያው ዕለት ታሰሩ። የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣቶች በሰደፍ ሰበሩባቸው።

የባሰው ግን ይህ አልነበረም። ነሲባ በፍጥነቷ ምክንያት ከአንኮበር በታች ባለው ገደል ሥር ለነበሩት አርበኞች ደብዳቤ ታደርስ ኖሯል። ጠላት አንዲት ሴት መልእክተኛ እንዳለች ጠርጥሮ ሲፈልግ ቢከርምም ማንነቷን አላወቀም ነበር። ጋዜጣው ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ አገሯንም ነገረው። በሰኔ ወር መጀመሪያ ከአልዩ አምባ ገበያ ተይዛ፣ ከሁለት ወንዶች ጋር በጥይት ተገደለች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ይህን ለወይዘሮ ደመቀች የነገረቻቸው ከአንኮበር ተይዛ የመጣች እስረኛ ናት። ሴትየዋ እያወራች የማን እጅ ይህን እንዳደረገ አታውቅም ነበር። ወይዘሮ ደመቀች ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም።

በጥቅምት 1932 ዓ.ም. ተፈቱ። በኅዳር፣ አንዱን የጋዜጣ ቅጂ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ከአንኮበር ቁልቁለቱን ወርደው የነሲባን እናት ወይዘሮ ጠይባን ፈልገው አገኙ። ቤቱ በራፍ ላይ ተንበርክከው «እማማ፣ ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሏቸው።

ወይዘሮ ጠይባ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። ከዚያም «ግቢ። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? አንብቢልኝ» አሏቸው።

አነበቡላቸው።

«ድገሚው።»

ደገሙት። የባላቸው ስም ሲጠራ ወይዘሮ ጠይባ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ስሟ ባይወጣ ዛሬ ትኖርልኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ተብሎ በመጻፉም ደስ ብሎኛል። ሁለቱንም አልደብቅሽም፣ ልጄ። አላህ ለእሷም ላንቺም ይዘን። ወረቀቱን እኔ ጋ ተይው።»

ወይዘሮ ደመቀች ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ጠይባ እስካረፉበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ወደ አልዩ አምባ ይወርዱ ነበር። ስለዚያ መንገዳቸው እስከ መጨረሻው ሳምንታቸው ድረስ ለማንም አውርተው አያውቁም ነበር።

ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ከመምህር ዘርአ ዳዊት ገብረአብ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወርቅአገኘሁንና ወለተ ሥላሴን ወለዱ። እርሳቸውም በደብረ ብርሃን ለሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ። በግራ እጃቸው መጻፍ ተለማምደው ነበር። የልጃገረዶች ሩጫ ባለበት ሜዳ ሁሉ ዳር ቆመው ይገኙ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ጋዜጣ ስለ ተማሪዎች ውድድር ሲጽፍ የወንዶቹን ስምና ሰዓት ዘርዝሮ፣ ለሴቶቹ «ቆነጃጅት ሜዳውን አስጌጡት» ብሎ አለፈ። ወይዘሮ ደመቀች ለአዘጋጁ ደብዳቤ ላኩ፤ መልስ የለም። ሁለተኛ ላኩ። በሦስተኛው «እነዚህ ልጆች የሮጡት ሜዳ ለማስጌጥ አይደለም፤ ስማቸውና ሰዓታቸው ይኸውልዎ» ብለው ጻፉ፤ ታተመ። ከዚያ በኋላ አዘጋጁ ራሱ ጽሑፍ ይጠይቃቸው ጀመር። የአረርቲዋን ገበሬ፣ የጎረቤላዋን የቄስ ልጅ፣ በአንድ እግሯ እያነከሰች አሎሎ የምትወረውረውን ተማሪ፣ ቤተሰቧ እንዳትሮጥ የከለከላትን የቆላ ልጅ ታሪክ ጻፉ። ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ «ስምሽ ቢወጣ የሚጎዳሽ ነገር አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አለ ያለቻቸውን ሴት ታሪክ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አላሳተሙም። እንዲህ ሳይታተሙ የቀሩ አሥራ አንድ ታሪኮች በሣጥናቸው ተገኝተዋል፤ ቤተሰቡም እንደ ፈቃዳቸው ሳያነብ አቃጥሏቸዋል።

ባለቤታቸው በ1969 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጤናቸው እየደከመ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው ወርቅአገኘሁ ይህን ታሪክ ሊጽፍ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ «አርበኛ ናት ብለህ እንዳትጽፍ፤ የጠላት ደሞዝ በልቻለሁ። እሱን ጻፍ። ልጅቱም በኔ ምክንያት እንደሞተች ጻፍ። ለቀብሬ ብለህ አታሳምረኝ» አሉት። ቤተሰቡ በዚህ ነገር ተጨቃጭቋል፤ አንዳንዶቻችን «ይህ ሳይጻፍ ይቅር» ብለን ነበር። በመጨረሻ ቃላቸውን አክብረን እንዳሉት ጽፈነዋል።

ወይዘሮ ደመቀች ጥር 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው በደብረ ብርሃን መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። በእናቷ በኩል የነሲባ ታናሽ እህት የሆኑት ወይዘሮ ረሒማ ዛሬ ከአልዩ አምባ መጥተው በቀብሩ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ቆመዋል።

የሰውን ጥፋቱንም ልፋቱንም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ላዘናችሁላቸውም ሁሉ መጽናናቱን ያድላችሁ። አሜን።