ሥርዓትን በ«ሃ» የሚጽፍ ሰው

ጥር 6
የመንገዱን ቅየሳ ጨርሰን ገባን፤ እኔና ባልደረባዬ ቆፍጣናው። ሁለታችንም እስከ ጉልበታችን ጭቃ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ አገኘን። የቆፍጣናውን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ቀይረሽ አትገቢም ነበር? ባለጉዳይ አለ እኮ።»
ቆፍጣና ብሎ ስም ያወጣለትም ሥራ አስኪያጁ ነው። ባልደረባዬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቆፍጣና... እኔ ከፍ ሳደርግ «ቤት ሰላም ነው?»
የቡድን መሪነቱ ማስታወቂያ ወጥቷል። የተመዘገብነው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ዘጠኝ ዓመት፣ እሱ አራት። ይሰጡኝ ይሆን? በጣም ነው የምፈልገው።

ጥር 9
ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። «አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ የተገኘ ነው። ከሠራተኞች። እኔ ምንም አላልኩም» ብሎ ወረቀት ዘረጋልኝ።
«ሱሪዋ የወንድ፣ ሳቋ ከኮሪደር የሚሰማ። ለሴት የሚገባ ስነ ስርሃት የላትም። እንዲህ ያለች እንዴት ትመራናለች?»
ስም የለውም። ጽሕፈቱ እንዳይታወቅ ፊደሉ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።
«ያዢው፣ ተማሪበት» አለኝ።
ያዝኩት። ማነው? ሥርዓትን በ«አ» ሲጽፉት አይቻለሁ፣ ሞልቷል። በ«ሃ» ግን... እንዲህ የሚጽፍ ስንት ሰው ይኖራል?

ጥር 10
ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከቆፍጣናው ጀመርኩ። የመስክ መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላበጥኩት። ሥርዓት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። አልገረመኝም።
ከሰዓት በኋላ ባዶ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። «ሥነ ሥርዓት እንዴት ነበር የሚጻፈው? ጠፋብኝ።» በ«አ» ጻፈልኝ። «ደህና ነሽ ግን?» አለ።

ጥር 14
እስካሁን ስድስት ሰው አስጽፌያለሁ። የጥበቃው ሽማግሌ በሁለቱም «ሥ» እና በ«ዓ»፣ ጥንቅቅ አድርገው። ቢሮው ውስጥ «ፊደል ጠፋባት» እየተባልኩ ነው። ይበሉ።
እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ብቻ እንቢ አለች። «ለምን እጽፍልሻለሁ?» ሰሞኑን ሰላምታም ነስታኛለች፤ ሳልፍ ወረቀቷን በክንዷ ትከልላለች። እሷ ናት። ያንን እጥር ያለ ቀሚሷን ለብሳ ደግሞ ስለ እኔ ሱሪ...
ምን እያልኩ ነው? የእኔ አፍ ነው ይሄ? አልሰርዘውም። ይቀመጥ።

ጥር 15
እማዬ ጋ ደወልኩ። «ሱሪውን ለጊዜው ተይው። ሹመቱን ያዢና ከዚያ ያሻሽን ትለብሻለሽ።»
«አብሮኝ የሚወዳደረው ወንድስ ለጊዜው ምን ይተዋል?»
«እኔ እንጃ ልጄ።»

ጥር 17
ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። አዎ። አፍሬ ነው የምጽፈው።
«አሁን ሰው መሰልሽ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ቆፍጣናው ነጠላ ጫማ አድርጎ መጥቷል፤ ትንፍሽ ያለው የለም። አራት ሰዓት ላይ ድንገት የመስክ ሥራ መጣ። «አንቺ በቀሚስ የት ትወጫለሽ?» ብሎ ቆፍጣናውን ብቻ ላከው።
በሱሪ ወንድ፣ በቀሚስ ቁጭ በይ። ተሞኘሁ።

ጥር 21
ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዲስ ደብዳቤ ተለጥፏል። «ጉዳዩ፦ የሴት ሠራተኞችን አለባበስ ስነ ስርሃት ስለማስከበር።» ከታች ፊርማና ማኅተም። የሥራ አስኪያጁ።
ሦስቴ አነበብኩት። «ሃ»።
ያንን ቃል ያስጻፍኳቸው ሁሉ ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። ቆፍጣናው ዞሮ አየኝ፤ «ለዚህ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።
ወደ ጸሐፊዋ ሮጥኩ። የእሱን ደብዳቤ ሁሉ የሚተይቡት እሳቸው ናቸው። «እትዬ፣ ደብዳቤው ላይ ስህተት...»
«እሱ የጻፈውን ነው የተየብኩት» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ሳርምለት ኖርኩ። ዛሬ አላረምኩም። ቢሮውን ሁሉ ስታዞሪ እኔን ብቻ ሳትጠይቂኝ ቀረሽ።»
እውነት ነው። ለምን አልጠየቅኳቸውም? ኮስታራ ስለሆኑ ፈርቼ።

ጥር 22
እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ጋ ሄድኩ። «ጠርጥሬሽ ነበር» አልኳት።
«እኔም አንቺን።»
መሳቢያዋን ሳብ አድርጋ ወረቀት አወጣች። ያው የተሰመረ ፊደል። ቀሚሷ ያጠረ፣ ስነ ስርሃት የሌላት። «ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው የተማረሩብሽ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ሰጠኝ። ከእትዬ ሌላ ትልቅ ሴት ማን አለ? አንቺ ነሽ አልኩ።»
እትዬ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ነበር። ቦርሳቸውን ከፍተው አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ የሳሳ ወረቀት ሰጡኝ። «ሳቋ ይቀነስ» ይላል፣ በዚያው በተሰመረ ፊደል። የተሰጣቸው በተቀጠሩበት ዓመት ነው።
እሳቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም። በኮስታራነታቸውም ስናማቸው ኖረናል። አለቀስኩ።

ጥር 24
መራጭ ኮሚቴው ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ውጤቱ ሰኞ ነው። ይስጡኝ ይከልክሉኝ አላውቅም። ሱሪዬን ለብሼ ነው የቀረብኩት።
እኔ፣ ልጅቷና እትዬ፣ ሦስታችንም ገባን። ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደርን፤ ከጎናቸው ከሰሌዳው የነቀልነውን ደብዳቤ። ሥራ አስኪያጁ «የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከሳጥን የወጣ ነው» አለ። ሰብሳቢው አነበቡ፣ መልሰው አነበቡ። ከዚያ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፉለት። «ሥነ ሥርዓት የሚለውን እስኪ ይጻፉልን።»
እስክሪብቶውን አነሳ። «ስ» ብሎ ቆመ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ወደ ጸሐፊዋ... «እንዴት ነው የሚጻፈው?»
እትዬ እጃቸውን አጣምረው አዩት።
«እርስዎ እንደሚያውቁት» አሉ።