ዓይን የበቀለበት ስልክ

ግንቦት 3
ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት አቅቶኝ ዋልኩ። ሁለቴ ፈታሁት። ቆራጩ፣ ቀውላላው የምንለው፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» አለኝ። መብራቱ ነው አልኩት። መብራቱ ምን በደለ?... ሐኪሙ «ዓይንሽ እየደከመ ይሄዳል፣ አይመለስም» ካለኝ ወር ሆነው። ለማንም አልተነፈስኩም። ልጄ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ እነግራታለሁ።

ግንቦት 5
ሐኪሙ ጫኚው ያለኝን አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ስልኩን ጽሑፍ ላይ ስደግነው ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ምልክቱ ትልቅ ሰማያዊ ዓይን። ሽንት ቤት ተደብቄ የክሩን ቁጥር አስነበብኩት። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ግንቦት 6
ምሳ ላይ ቀውላላው ስልኩን እያሳየ፣ «ኧረ ጉድ! ሳልዘራው ዓይን በቀለብኝ!» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ስልክም ላይ ያው ሰማያዊ ዓይን አለ። «የማን ሥራ ነው?» አለች። ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ግንቦት 7
ስልክ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ።
«ስልኩን ማን ከፈተልሽ?»
የስፌት ቤታችን ባለቤት አልኩት። የደንበኛ ዲዛይን እንድንቀባበል ብላ ለሁላችንም በራሷ አካውንት ከፍታ ነው የሰጠችን።
«በቃ፣ ለአፕ መደብሩ ሁላችሁም አንድ ሰው ናችሁ። አንዱ ያወረደው ለሁሉም ይወርዳል።»
«እኔ መሆኔን ያውቃል?»
«የትኛው ስልክ እንዳወረደው ያውቃል።»
«እንዲረሳው ማድረግ አይቻልም?»
ሳቀ። «ከስልክሽ አጠፋልሻለሁ። እሱ ጋ ግን ተመዝግቧል፣ እህቴ።»
ከኔ ስልክ አጠፋው። ከሌሎቹስ?... ቤት ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ልጄ የምትይዘው የስፌት ቤቱን አሮጌ ስልክ ነው፣ በዚያው አካውንት። ወይኔ!

ግንቦት 9
  ራት ላይ ልጄን ጨው ስጪኝ ብላት እጄ ላይ አስያዘችኝ። ድሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር የምታስቀምጥልኝ።

ግንቦት 14
የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ የትኛው ስልክ እንዳወረደው አይታ መሰለኝ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ከፊቴ አንስታ ነጭ ሰጠችኝ። «አይዞሽ፣ ይሄ ይሻልሻል።» ብትቆጣኝ መልስ አላጣም ነበር። አዘነችልኝ... ለሐዘኔታ ምን ይመለሳል?

ግንቦት 20
አፑን መልሼ ጫንኩት። ከማን ልደብቀው?

ሰኔ 2
የልጄ ፈተና ዛሬ ነው። ስነሳ ወጥታለች። መርፌዎቼ ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ክር ገብቶላቸው ተሰክተዋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቢሆንም ለፈተናዋ ሄደችልኝ አልኩ።
ስፌት ቤት ስደርስ የኔ ማሽን ይሠራል። ተጠግቼ ነው የለየኋት። ጥቁሩን ጨርቅ እየሰፋች... መስፋት ያስተማርኳት እኔው ነኝ።
«ፈተናውስ?»
«ለከርሞም አለ እኮ፣ እማ።» ቀና አላለችም።
ቀውላላው ወንበር ሳበልኝ። ነጩን ጨርቅ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ?