የደባሌ የክርስትና ስም

ውድ እህቴ ኮከብ፣

ከባሕር ማዶ ከኦሮራ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የተከልኩት ቲማቲም ዘንድሮ በረንዳውን ሞልቶታል። ደባሌ ምናሉ ያንን አሮጌ የካሴት ማጫወቻ ጠግኖ ከትናንት ጀምሮ ያስጮኸዋል። እዚህ አጠገብ ግሌንዴል አንድ ክፍል በተጋራንበት ዓመት የገዛነው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው።

ሰኞ ምናሉን ለምርመራ ውጤት ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ዶክተሯ «ምንም የለበትም» አለችን። ስንወጣ መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረግኩ ጠፍቶኝ ግማሽ ሰዓት ዞርን። እሱ ይስቅብኛል፤ እኔ መነጽሬን ደጋግሜ እጠርጋለሁ።

ባለፈው ወር «አሞኛል፣ ጸሎት አስደርጊልኝ» ብዬ የራሴን የክርስትና ስም ልኬልሽ ነበር። ትናንት ስትደውይ ግን ገና ሰላም ሳትይኝ «ምናሉ ተሻለው?» አልሽኝ። የታመመው እሱ መሆኑን ነግሬሽ አላውቅም። ምን እንደመለስኩልሽ እንኳ አላስታውስም።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ለምስጋና ስትሄጂ የእሱንም ስም ያዢልኝ፤ ወልደገብርኤል ነው። ከእኔ ስም ጎን አስጽፊው።

እስክንገናኝ በጤና ያቆይሽ።

አክባሪዎችሽ፣
ባሕሩና ምናሉ