ለኅዳሩ ዕረፍት የቀጠርከው ሐኪም ቤት

በላይዬ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። መንፈቅህን አውጥተናል፤ ካህናቱም ጎረቤቱም አላሳፈሩንም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ዳንግላ ግን ኳስ ማሳያ ቤቱ ጭር ብሏል። ተጫዋቾቹ ለየሀገራቸው ሊጫወቱ ሄደው የውጪው ሊግ ተቋርጧል። አንተ ብትኖር ይሄኔ ትራገም ነበር።

ገና ሞቅ ሲል ያቀዘቅዙታል፣ አጥቂያችንንም ሰብረው ይመልሱልናል ትል ነበር። የእኛው ብሔራዊ ቡድን ሜዳ ሲገባ ደግሞ እርግማኑን ሁሉ ረስተህ ከወንበርህ ትነሣለህ። ሲሸነፉ ራትህን ሳትበላ ትተኛና በማግስቱ ክለቤ ይሻለኛል ትላለህ። እኔስ? አልዋሽህም፣ ዕረፍቱ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ባሌን አገኘው ነበራ!

የዚህን ቤት ጉዳይ ሁሉ ለዕረፍቱ ነበር የምትቀጥረው። የሚያፈሰው ጣሪያ ለዕረፍቱ፣ ለቅሶ መድረስ ለዕረፍቱ። ደንበኞችህም ለምደውህ ሱሪ ሊያሳጥሩ ሲመጡ ሊጉ መቼ ነው የሚቆመው ብለው ይጠይቁህ ነበር። ምን ዓይነት ልብስ ሰፊ ነው ያገባሁት እያልኩ እስቅብህ ነበር። ሆድህን ሲቆርጥህም ጨጓራ ነው ብለህ ተልባ ጠጣህና ሐኪም ቤቱን ለኅዳሩ ዕረፍት ቀጠርከው።

አሁን ስፌት መኪናህን በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። ጣሪያውን ልጃችን ትዕግስት ከእንጅባራ መጥታ አስጠገነችው። ጓደኛህ አዳሙ፣ ባለጋሪው፣ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ በር ላይ ቆሞ የክለብህን ውጤት ይነግረኛል። የተቀናቃኝ ደጋፊ ሆኖ ሳለ ስትሸነፉ እንኳ አንድም ቀን አላሾፈም። እኔ ኳስ የማላውቀው ሴትዮ ነጥብ መቁጠር ጀመርኩልህ! ባለፈው እሑድ ግን ለሚመጣው ሳምንት ጨዋታ የለም፣ ሊጉ ይቆማል ብሎኝ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እንዴት እንደጨነቀኝ! ያ በፊት የምናፍቀው ዕረፍት አሁን መጣብኝ። የማወራው ነገር ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አስባለሁ።

የማስበውም አንድ ነገር ነው። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ኳስ ነው የበላው፣ ለዕረፍቱ ለዕረፍቱ ሲል ቀረ ይላል። እኔ ቡናቸውን እቀዳለሁ። ዕረፍቱ እኮ መጥቶ ነበር፣ በላይዬ። ቃልህን ጠብቀህ ሐሙስ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ልትሄድ ልብስህን አዘጋጅተህ ነበር። ጾሙ ሳይገባ የእህቴ ልጅ አዘና ላይ ትዳራለችና ያለ አንተ እንዴት እሄዳለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ የያዝኩህ እኔ ነኝ። ሐኪም ቤቱ የትም አይሄድም አልኩህ። ሳትከራከረኝ እሺ አልክ። ከሰርጉ ስንመለስ ሊጉ ተጀመረ፣ ሕመሙም ትንሽ ጋብ ስላለልህ ተውነው። ጥር ላይ ስንሄድ ሐኪሙ ዘገያችሁ አለን።

ይህን ለአዳሙ ልነግረው ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ትዕግስት ደግሞ የኳስ ድምፅ ስትሰማ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፤ አባቴን የነጠቀኝ ይኼ ነው ትላለች። ብናገር ልጄ ዓይኔን ማየት ትጠላለች ብዬ እፈራለሁ። ዝም ብል አንተን በሞትክበት አስወቅስሃለሁ። ምን ላድርግ? አንተን እንዳልጠይቅህ የለህም። በቃ፣ አቅም አጣሁ።

እስክሞት አልረሳህም፣ በላይዬ። ሳቅህንም፣ ኩርፊያህንም፣ እንደ ሕፃን የምትቆጣውን ቁጣም። አዘና ሰርጉ ላይ ሰዉ በአውኚ ቋንቋ ሲዘፍን በግራ እጅህ ሆድህን ደግፈህ እየጨፈርክ ነበር። አይቼሃለሁ። አይቼህም አጨበጨብኩ። እሱንም አልረሳም።